ዳመነች አዳፕተሩን ያጠፋችበት ቀን

የሥራ ባልደረባዬ ያሬድ ሲደውልልኝ ሐዋሳ ፒያሳ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ይዤ ነበር። «ዳመነች አረፈች» አለኝ። ወረፋውን ትቼ ወጣሁ። ኮፒ ላስደርገው የያዝኩትን ወረቀት የት እንደጣልኩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቀብሯ ላይ የሕይወት ታሪኳ ተነበበ። የት እንደተወለደች፣ ልጆቿን እንዴት እንዳሳደገች፣ በቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ውስጥ ስንት ዘመን እንዳገለገለች፣ በሆስፒታሉም «በተለያዩ የሥራ ኃላፊነቶች» እንደሠራች ተባለ። አንዱም ሐሰት የለበትም። አንባቢው ወረቀቱን ሲያጥፍ ግን ያሬድን አየሁት፤ እሱም አየኝ። ሁለታችንም የምናስባት አንዲት ቀን ነበረች፣ እሷን ያነሳ ሰው አልነበረም። ስለዚህ እኔ ልናገር።

እኔ ከኮሌጅ ወጥቼ ሆስፒታሉ ውስጥ ስቀጠር ዳመነች የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ነበረች። አጠር ያለች፣ ፈጣን፣ ሻይዋን ሁልጊዜ ቆማ የምትጠጣ ሴት። መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ትሰካውና ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ትፈልገዋለች፤ ፀጉርሽ ላይ ነው የሚላትን ሰው ደግሞ ትቆጣዋለች። በዕድሜ እናቴን ታክላለች፤ በመጀመሪያው ቀን «እርስዎ» ስላት እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገችና እንዲህ አለችኝ፦

«ሰላማዊት፣ እዚህ ክፍል ውስጥ አንቺ በይኝ። እርስዎ የምትይውን ሰው ተሳስተሻል ማለት ይከብድሻል።»

አንቺ አልናት። ተሳስተሻል ማለቱ ግን እንደዚያም ሆኖ አልቀለለንም። ምላሷ ስለታም ነበር። አንድ ጊዜ የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ በመስኮቱ በኩል ለአንዲት አሮጊት «ሲስተም የለም እማማ፣ ነገ ይምጡ» ስትል ዳመነች ከኋላ ደረሰች።

«ሲስተሙማ አለ» አለቻት። «ስልክሽን ቻርጅ ለማድረግ ሶኬቱን የነቀልሽው አንቺ ነሽ። ለእማማ እንደሱ ብለሽ ንገሪያቸው።»

ልጅቷ ሰው ሁሉ እያያት አለቀሰች። ዳመነች ትክክል ነበረች፤ ጨካኝም ነበረች። «ሲስተም የለም» የሚለውን አነጋገር የምትጠላውን ያህል የምትጠላው ነገር አልነበረም። ሲስተም የሚባል ሰው የለም፣ ከኋላው ሁልጊዜ አንድ ያጠፋ ሰው አለ ትል ነበር።

ያን ጊዜ ሆስፒታላችን ሁለት የማይተዋወቁ ዳታቤዞች ነበሩት። አንዱ የካርድ ክፍሉ ነው፤ የበሽተኛው ማንነትና ሐኪሙ ያዘዘው ምርመራ እሱ ውስጥ ይገባል። ሌላው የላቦራቶሪው ነው፤ ውጤት እዚያ ይቀመጣል። በሁለቱ መሐል ወረቀት የያዘ ሰው ይመላለሳል። ወረቀት ይጠፋል፣ ይቀያየራል፣ አንዳንዴም ሻይ ይፈስበታል። ከዚያ አንድ ለጋሽ ድርጅት ሁለቱን የሚያገናኝ ሶፍትዌር ገዛልን። ሶፍትዌሩ መሐል ላይ ይቀመጣል፤ ወደ እያንዳንዱ ዳታቤዝ ደግሞ አዳፕተር የሚባል እጅ ይዘረጋል። አዳፕተሩ በየጥቂት ሰከንዱ የካርድ ክፍሉን ሠንጠረዥ ያያል፣ አዲስ ትዕዛዝ ካገኘ አንስቶ ለላቦራቶሪው ያደርሳል፣ ውጤቱ ሲመጣ መልሶ ከትዕዛዙ ጎን ይጽፈዋል።

አንድ ነገር ብቻ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል፤ አንዴ ያደረሰውን ትዕዛዝ ደግሞ እንዳያደርስ ምን ያድርግ? ወይ ረድፉ ላይ «ተነቧል» የሚል ምልክት ያደርጋል፣ ወይ ረድፉን ከሠንጠረዡ ላይ ያጠፋዋል። እኛ ስንሞክረው የሐሰት ስሞች ነበር የምንጠቀመው፤ ሠንጠረዡ በየጊዜው እንዲጸዳልን ዳመነች «አጥፋ» የሚለውን መረጠች። ለሙከራ ጥሩ ነበር።

የሶፍትዌሩ ምረቃ ቀን ከላይ ተወሰነ። የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ አቶ መስፍን፣ ከክልልም ከአዲስ አበባም እንግዶች እንደሚመጡ ነገረን፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ወረቀት እንደሚቀር። የለውጥ ሠራዊት የሚባልበት፣ ሁሉም መሥሪያ ቤት አንድ ለአምስት የተደራጀበት ዘመን ነው፤ ቀን ይራዘም ማለት ለውጥን መቃወም ተደርጎ ይቆጠራል። በዋዜማው ሙከራውን ወደ እውነተኛው ሰርቨር ስናዛውር ያሬድ ከወንበሩ ዞር ብሎ «ዳመነች፣ ሴቲንጉን አንድ ጊዜ አብረን ብናየው?» አላት።

«እኔ አይቼዋለሁ። ጊዜ የለም፣ አዛውረው» አለችው።

ያሬድ አዛወረው።

በማግስቱ ጠዋት ሥራው ሲጀመር ሁሉም ነገር ያማረ ነበር። በደም መያዣው ብልቃጥ ላይ ስም በእጅ መጻፍ ቀርቶ የትዕዛዙ ቁጥር ብቻ ያለበት ተለጣፊ ይለጠፋል። አዳራሹ ውስጥ ወንበር ይደረደራል። ሦስት ሰዓት ገደማ መብራት ሄደ፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ትንሽ ቆየ፤ ተነሳ። ማንም ልብ አላለውም።

ሰዓት ያህል ቆይቶ ከተመላላሽ ክፍል አንድ ወጣት ሐኪም ደወለልኝ። «ያዘዝኩት ምርመራ ከስክሪኑ ላይ የለም» አለ። «ውጤት አልደረሰም ማለትህ ነው?» አልኩት። «አይደለም። ትዕዛዙ ራሱ የለም። ምንም ምርመራ አልታዘዘም ይላል።»

ሠንጠረዡን ከፈትኩት። ከጠዋት ጀምሮ ስንት ሰው ገብቷል፤ ሠንጠረዡ ግን ባዶ ነበር። እያየሁት አንድ ረድፍ ብቅ አለ፤ የአንዲት ሴት ስም። ማንበብ ስጀምር ጠፋ። ሌላ ስም መጣ፣ እሱም ጠፋ።

«ዳመነች!» ብዬ ጮህኩ።

መጥታ ከትከሻዬ በላይ ጎንበስ አለች። ሁለት ስም ሲመጣና ሲጠፋ አየች። መነጽሯን ከፀጉሯ ላይ አወረደች፣ አደረገችውም። ፊቷ ሲለወጥ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«የሙከራው ሴቲንግ ነው» አለች በቀስታ። «እያነበበ እያጠፋ ነው።» ከዚያ እጇን በትከሻዬ ላይ አሳልፋ አዳፕተሩን ዘጋችው።

ስልኩ ወዲያው ጮኸ። አቶ መስፍን ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ ሥራውን ለእንግዶቹ የሚያሳየው ትልቁ ስክሪን ቆሞበታል። ድምፁ ለእኔም ይሰማኛል።

«ዳመነች፣ እንግዶቹ በር ላይ ናቸው። ምን ሆናችሁ?»

«አጥፍቼዋለሁ።»

«አብሪው!»

«አላበራም። ትዕዛዞቹን ከካርድ ክፍሉ እየሰረዘ ነው። ውጤት ሲመጣ የሚጻፍበት የለም። ሐኪሞቹ ምንም የለም የሚል ነው የሚያዩት። ሁሉም ወደ ወረቀት ይመለስ።»

«ለአንድ ሰዓት ብቻ አብሪው። ከዚያ የፈለግሽውን አድርጊ። ይህን ነገር እምቢ ካልሽ የሚመጣውን ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ» አለችና ስልኩን አስቀመጠች።

ከዚያ ወደ እኛ ዞረች። ላቦራቶሪው ጋ የደረሱት ትዕዛዞች እዚያ ስላሉ መልሰን መቅዳት እንችላለን። ችግሩ መብራቱ ሲሄድ የላቦራቶሪው ሰርቨር ለትንሽ ጊዜ ወድቆ ነበር፤ አዳፕተሩ ደግሞ በባትሪ ስለሚሠራ ከዚህ በኩል ማንበቡንና ማጥፋቱን አላቆመም። በዚያች ቅጽበት የታዘዙት ከዚህ ጠፍተዋል፣ እዚያም አልደረሱም። የትም የሉም።

«ያሬድ፣ ከላቦራቶሪው መልሰህ ቅዳ። ሰላም፣ ተከተይኝ።»

ላቦራቶሪ ስንገባ ባለሙያው ቁጥራቸውን ኮምፒውተሩ የማያውቀውን ብልቃጦች ለብቻ ደርድሮ ግራ ተጋብቶ ቆሟል። ጥቂት ነበሩ። ዳመነች በእጅ እንዲመረምራቸው ለመነችው፤ አዎ ለመነችው፣ ስትለምን ሰምቻት አላውቅም ነበር። እኛ ኮሪደሩን ያዝን። ሰዎቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል፤ እሷ አንዴ በአማርኛ አንዴ በሲዳምኛ «መብራት ሲጠፋ ደም ትሰጡ የነበራችሁ!» እያለች ትጮሃለች። አንድ ሰው እጁን አወጣ፣ አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ተነሳች፣ ሌሎችም መጡ። ከሐኪሞቹ ጋር እያመሳከርን ብልቃጦቹን ለባለቤቶቻቸው መለስን። ሁለቱ ቀሩ።

ባለሙያው አንደኛውን ይዞ ወደ እኛ ሲመጣ ሊሮጥ ምንም አልቀረውም። «የዚህ ሰው ስኳር ማሽኑ ከሚያነበው በላይ ነው» አለ። «ይህ ሰው አሁን አልጋ ላይ መሆን አለበት። ማነው?»

ተለጣፊው ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። ዳመነች ግን ከእሱ በፊትና በኋላ ያሉት ቁጥሮች የማን እንደሆኑ ከላቦራቶሪው አወጣች፤ ሁለቱም ያ የደወለልኝ ወጣት ሐኪም ያያቸው ሰዎች ናቸው። ክፍሉ ገብተን «በእነዚህ በሁለቱ መሐል ማንን አየህ?» ስትለው ሐኪሙ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ።

«አንድ ገበሬ… ከሴት ልጁ ጋር። ከሳ ያለ፣ ውኃ ውኃ የሚል። ለእናንተ ከመደወሌ በፊት ነው፤ ተመልሶ ሲመጣ ስክሪኑ ምንም አልታዘዘም አለ፤ ወረፋው ብዙ ነበር፣ ውጤቱ ደህና ሆኖ የተዘጋ መሰለኝ። ለጨጓራው መድኃኒት ጻፍኩለት።»

«የት ሄደ?»

«መኪና ሊያመልጠን ነው ስትል ሰምቻለሁ ልጁ። አለታ ወንዶ መሰለኝ።»

ከግቢው ስንወጣ እንግዶቹ ከመኪና እየወረዱ ነበር። አቶ መስፍን እጁን ዘርግቶ ሊያስቆማት ሞከረ፤ በጎኑ አለፈች። ባጃጅ ይዘን ወደ መነኸሪያ በረርን። መንገዱን ሁሉ ጣቶቿን ጭኗ ላይ ትመታ ነበር፤ እንደ እስክሪብቶዋ።

መነኸሪያው በሰው ተሞልቷል። የአለታ ወንዶው ሚኒባስ ሞልቶ ሞተሩን አስነስቷል። ዳመነች ፊት ለፊቱ ቆመች፤ ሾፌሩ ክላክስ አደረገባት፣ ንቅንቅ አላለችም። ረዳቱ ከበሩ ተንጠልጥሎ «እብድ ነሽ እንዴ ሴትዮ! ዞር በይ!» አላት።

«በሽተኛ ይዛችኋል! ክፈት!»

ከኋላ ወንበር ላይ ነበር። ጭንቅላቱ መስታወቱ ላይ ወድቋል፣ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ እጁ ውስጥ ነው። ልጁ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ደንግጣ ታየናለች። ዳመነች በተሳፋሪው መሐል ተሻግራ ሄደችና ትከሻውን ያዘች። ዓይኑን በግድ ገለጠ። አንድ ነገር አላት፤ ሐኪሙ ከጨጓራ በቀር ምንም የለብህም ብሎኛል ማለቱ ነበር። እሷም መለሰችለት። የተወለድኩት ሐዋሳ ምሥራቅ ሰፈር ቢሆንም ሲዳምኛዬ ደካማ ነው፤ ያን መልሷን ግን ቃል በቃል ተረድቼዋለሁ።

«ሐኪሙ አይደለም ያጠፋው። እኔ ነኝ።»

ሰውየው ለመነሳት ሞከረ፤ እግሩ አልያዘለትም። ቅድም እብድ ያላት ረዳት አዝሎ አወረደው።

ሆስፒታል ስንደርስ ራሱን ስቶ ነበር። ዳመነች የድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ቆመች፤ እንግዶቹ መቼ እንደሄዱ፣ አዳራሹ ውስጥ ምን እንደተባለ አልጠየቀችም። ሰውየው በማግስቱም አልነቃም። በሦስተኛው ቀን ነቃ፤ መጀመሪያ ያለው ልጄ በልታለች ወይ ነው። ዳመነች ይህን ስትሰማ ቢሮ ገብታ በሩን ዘጋች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

ግምገማው ከዚያ ቀጥሎ መጣ። ከመግባታችን በፊት አቶ መስፍን ክፍላችን መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈርቶ ነበር።

«ነገሩን ቀለል እናድርገው» አላት። «መብራት ጠፋ፣ ሲስተሙ ተበላሸ። በቃ። ሰውየውም ድኗል። ማንም አይጎዳም።»

«መብራት ረድፍ አያጠፋም» አለችው።

«እንግዲያው ያሬድ ነው ያዛወረው ይሉሻል። እኔ አልከለክላቸውም። ስለእሱ የሚወራውን ታውቂያለሽ።»

የሚወራውን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ያሬድ የፓርቲው አባል ሁን ሲባል እምቢ ብሏል፤ ከዚያ ወዲህ የሚናገረው ሁሉ ይመዘናል። ሚስቱ ደግሞ ልትወልድ ቀኗን ትጠብቅ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ የምረቃው ጽሑፍ ያለበት ጨርቅ ገና ከግድግዳው ላይ አልወረደም። ሰብሳቢው ከክልል የመጣ ሰው ነው፤ ድምፁ ለስላሳ፣ ቃሉ ግን ከባድ። ጉዳዩ ተራ ስህተት መሆኑን እንደሚጠራጠር፣ የኪራይ ሰብሳቢነት አመለካከት ያለው ሰው ሆን ብሎ የመንግሥትን ስኬት ለማጨለም አድርጎት ሊሆን እንደሚችል፣ አስፈላጊ ከሆነም ወደ ፖሊስ እንደሚሄድ ተናገረ። ከዚያ ዝርዝር ጥያቄ ሳያበዛ፣ «ሶፍትዌሩን ወደ ሰርቨሩ ያዛወረው ባለሙያ ማነው?» አለ።

ያሬድ ከጎኔ ነበር። ሲተነፍስ ይሰማኛል። ሊነሳ እጁን ወንበሩ ላይ ሲያደርግ ዳመነች ቀድማ ቆማ ነበር።

«እጁ የያሬድ ነው» አለች። «ትዕዛዙ የእኔ ነው። አጥፋ የሚለውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ለሙከራ ብዬ። ሲዛወር መለወጥ ነበረብኝ፣ ረሳሁት።»

«ኃላፊነት መውሰድዎ ጥሩ ነው» አለ ሰብሳቢው። «ግን ባለሙያው ማየት አልነበረበትም?»

እዚህ ላይ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር፤ በዚያች ክፍል ውስጥ የነበርነው ሦስታችን ብቻ ነን።

«አብረን እንየው ብሎኝ ነበር» አለች። «እኔ ነኝ ጊዜ የለም ያልኩት። አይቼዋለሁም አልኩት፤ አላየሁትም ነበር። እሱን ሰምቼው ቢሆን ያ ሰው መኪና ላይ አይሞትም ነበር።» ቆም አለችና አረመች፤ «ሊሞት አይደርስም ነበር።»

ሰብሳቢው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አንድ ሰው ከኋላ «ራስን መሄስ ይህ ነው» ሊል ጀምሮ ተወው። በዚያ ዘመን ግምገማ ላይ ሰው ሂስ ሲውጥ ብዙ አይቻለሁ፤ አነስተኛውን ጥፋት አስቀድሞ ያቀርባል፣ ትልቁን ይሸፍንበታል። ማንም የማያውቅባትን ትልቁን አውጥታ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠች እሷን ብቻ ነው ያየሁት። በያሬድ ላይ ያሰቡት ሁሉ ከእጃቸው ወጣ፤ ስለ እሱ ሌላ ጥያቄ የጠየቀ አልነበረም።

ከኃላፊነቷ አነሷት። ደመወዟም ተቀነሰ። ያ ምን እንደሚያስከትልባት አውቃለሁ፤ አዲስ ከተማ ሰፈር የተከራየችውን ቤት ትታ ወደ ጠባብ ክፍል የገባችው በዚያው ሰሞን ነው። የመደቧት ካርድ ክፍል ነበር፤ ያችን ልጅ ያስለቀሰችበት መስኮት ላይ፣ ከዚያችው ልጅ ጎን። ልጅቷ መጀመሪያ አታናግራትም ነበር። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ዳመነች «ያን ቀን ሰው ፊት ልነግርሽ አይገባኝም ነበር» ስትላት ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ምሳ ዕቃቸውን አብረው ሲከፍቱ አያለሁ።

ሁለተኛውን ብልቃጥ ነግሬያችሁ አልጨረስኩም። ባለቤቱ አልተገኘም። ዳመነች ሐኪሞቹን አንድ በአንድ ጠየቀች፣ የዚያን ቀን ካርዶች አገላበጠች፣ መስኮቱ ላይ የሚመጣውን ሰው ሁሉ «ያኔ መጥተው ነበር?» ትላለች። አንድ ጊዜ ደክሞኝ «ውጤቱ እኮ ደህና ነው፤ ምንም የለበትም» አልኳት።

«እሱማ ደህና ነው» አለችኝ። «ግን አልተነገረውም። የሆነ ቦታ ቁጭ ብሎ በሽታዬን አጡት እያለ ይሆናል።»

ሶፍትዌሩ ለወራት ተዘግቶ ቆየ። ወረቀት የያዘው ሰው እንደገና ይመላለስ ጀመር፤ ወረቀት ይጠፋል፣ ይቀያየራል። በመጨረሻ አቶ መስፍን ጠራኝና ዓይኑን ሳያነሳ፣ «ዳመነች ትምጣና ትጀምርላችሁ። ሹመቱን ግን መመለስ አልችልም» አለኝ። ለእሷ እንዴት እንደምነግራት ጨንቆኝ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ስትሰማኝ አልተናደደችም። «ያሬድ ይሁን ኃላፊው፤ እኔ እመጣለሁ» አለች።

በዚያን ቀን እንግዳ አልነበረም፣ ጨርቅም አልተሰቀለም። ሦስታችን ብቻ። እያንዳንዱን ሴቲንግ ጮክ ብዬ እንዳነብ አዘዘችኝ፤ ያሬድ ይሰማና ያጸድቃል። ካነበበ በኋላ ምን ያድርግ የሚለው ላይ ስደርስ ጣቴን መስመሩ ላይ አደረግኩ።

«ምልክት አድርግ» ብዬ አነበብኩ።

«ደግመሽ አንብቢው።»

«ምልክት አድርግ።»

«ያሬድ፣ አንተስ?»

ያሬድ ወንበሩን አስጠግቶ በዓይኑ አየው። «ምልክት አድርግ ነው» አለ።

«እንግዲያው አንተ ነህ የምትወስነው።»

ያሬድ አበራው። ሠንጠረዡን እናያለን። አንድ ረድፍ ብቅ አለ፦ አማረች፣ የደም ምርመራ። አልጠፋም። ምልክቱ አጠገቡ ተጻፈ። ላቦራቶሪው በስልክ «ደርሶናል» አለን። እኔና ያሬድ እፎይ አልን፤ ዳመነች ግን ከመካከላችን ተነስታ ወጣች። የት እንደምትሄድ አልገባንም፤ በሩ ላይ ቆመን ተከተልናት በዓይናችን።

ኮሪደሩ መሐል ቆማ «አማረች! አማረች የምትባል!» ብላ ተጣራች።

ከአግዳሚው ጫፍ ነጠላዋን የተከናነበች ሴት «አቤት» አለች፤ ጥፋት ያጠፋች መስሏት እየተነሳች።

ዳመነች እጇን ያዘቻት። ከዚያ ወደ እኛ ዞረችና፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል፣ «አለች!» ብላ ጮኸችልን። «እዚህ አለች!»